መነሻና መድረሻ፦ አንድን መኪና ለአፕ ታክሲ ሥራ የማስገባት የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ይህ ማስታወሻ የሚከታተለው አንድ ተራ የቤት መኪናና ተሳፋሪ አሳፍሮ የማያውቅ አንድ አሽከርካሪ በአፕ ወደሚጠራ ታክሲ ሥራ እንዴት እንደሚገቡ ነው። ቅደም ተከተሉ ሥራው የሄደበት ነው፤ በኋላ መጨመር ያለበት ሲገኝ «ተጨማሪ» ተብሎ እዚያው ሥር ገብቷል። ከወዲሁ አንድ ነገር ይያዝ፦ መንዳቱ ትንሹ ክፍል ነው። ቅሬታው፣ ግጭቱ፣ የሚባክነው ነዳጅና ተሳፋሪው በምዘና የሚያጎድለው ኮከብ በአብዛኛው የሚመጣው ከመነሻው አንድ ደቂቃና ከመድረሻው ግማሽ ደቂቃ ነው። ከዚህ በታች ያለው ዝግጅት ሁሉ ለእነዚያ ሁለት ቦታዎች ነው።

ወረቀትና ኢንሹራንስ

መንጃ ፈቃድ፣ የመኪናው የባለቤትነት ደብተር፣ የዓመታዊ ምርመራ ወረቀትና የኢንሹራንስ ውል ፎቶ ተነስተው አፑ ላይ ይጫናሉ። ብዙ ጊዜ ውድቅ የሚያስደርገው የሰነድ መጉደል ሳይሆን የፎቶ መበላሸት ነው፤ ጥጉ ተቆርጧል፣ ፍላሹ ጽሑፉን አጥፍቶታል፣ ማብቂያ ቀኑ አይነበብም። ፍላሽ አጥፍቶ፣ በቀን ብርሃን፣ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ዘርግቶ ከላይ ማንሳት ነው። ስሙ በሁሉም ወረቀት ላይ ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለበት።

ኢንሹራንሱ ላይ ጊዜ ይወሰድ። በብዙ አገሮች ተራው የግል መኪና ውል በክፍያ ሰው ማጓጓዝን አይሸፍንም። ጥያቄው ሦስት ቦታ ተከፍሎ ይጠየቅ፦ አፑ በርቶ ጥሪ ሲጠበቅ፣ ጥሪ ተቀብሎ ወደ ተሳፋሪው ሲኬድ፣ ተሳፋሪው መኪናው ውስጥ ሳለ። ለሦስተኛው ሽፋን ኖሮ ለመጀመሪያው ላይኖር ይችላል፤ ጀማሪ ደግሞ ረጅሙን ሰዓት የሚያሳልፈው ጥሪ በመጠበቅ ነው። መልሱን በቃል አይቀበሉ፤ በጽሑፍ ይሁን።

መኪናው

የሥራ መኪና በቀን የሚቆመውና የሚነሳው፣ በሩም የሚከፈተውና የሚዘጋው ከቤት መኪና በብዙ እጥፍ ነው። ስለዚህ ቀድመው የሚያልቁት ጎማ፣ የፍሬን ሸራ፣ የበር እጀታና የኋላ ወንበር ናቸው። ምርመራውም በዚሁ ቅደም ተከተል ተካሄደ።

የጎማው ጥርስ ከውስጥ ዳር፣ ከመሃልና ከውጭ ዳር ተለካ። በብዙ አገሮች ሕጉ የሚፈቅደው ዝቅተኛ ጥልቀት 1.6 ሚሊሜትር ነው፤ በጥርሶቹ መካከል ያሉት ትንንሽ ጉብታዎች ከጥርሱ እኩል ከሆኑ እዚያ ተደርሷል። ለዝናብ ወቅት ግን 3 ሚሊሜትር ላይ መቀየር ይሻላል፤ ከዚያ በታች ውሃው የሚወጣበት ቦይ ስለሚያንስ በርጥብ አስፋልት ላይ የመቆሚያው ርቀት ይረዝማል። አበላሉም ይናገራል፦ መሃሉ ብቻ ካለቀ ንፋሱ በዝቷል፣ ሁለቱ ዳር ካለቁ ንፋሱ አንሷል፣ አንዱ ዳር ብቻ ካለቀ አላይመንቱ (የጎማዎቹ አቅጣጫ) ተዛብቷል።

የንፋሱ ልክ የሚነበበው አብዛኛውን ጊዜ በአሽከርካሪው በር ምሰሶ ላይ ካለው ተለጣፊ ነው። ጎማው ላይ የተጻፈው ቁጥር ጎማው የሚችለው ከፍተኛው ግፊት እንጂ የመኪናው ልክ አይደለም፤ ይህን የሚያምታቱ ብዙ ናቸው። ተለጣፊው ለቀላል ጭነትና ለሙሉ ጭነት ሁለት ቁጥር ካለው፣ ሻንጣ የያዙ ተሳፋሪዎች በሚበዙበት ቀን ሁለተኛው ይወሰዳል። የሚለካው መኪናው ሦስት ሰዓት ያህል ቆሞ ጎማው ሲቀዘቅዝ ነው። ጎማው ጎን ላይ ያለው ባለአራት አሃዝ ቁጥር የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይነግራል፤ 1422 ቢል በፈረንጆቹ 2022 በ14ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ትርፍ ጎማውም በዚሁ ዓይን ይታይ፤ ክሪኩና የጎማ መፍቻው አብረውት መኖራቸው ብቻ ሳይሆን መፍቻው በብሎኑ ልክ መሆኑ ይሞከር።

የፍሬን ሸራ ወደ 3 ሚሊሜትር ሲወርድ ይቀየራል። ዘይትን በተመለከተ በብዙ መኪኖች መመሪያ ውስጥ ሁለት የሰርቪስ ሠንጠረዦች አሉ፤ አንዱ ለተለመደ፣ ሌላው ለከባድ አጠቃቀም። አጭር ጉዞ፣ ቆም ብድግ የበዛበት መንገድና ቆሞ የሚሠራ ሞተር ሁሉ ከባድ አጠቃቀም ተብለው ይቆጠራሉ፤ የታክሲ ሥራ ማለት ደግሞ እነዚህ ሦስቱ ናቸው። ቆሞ የሚሠራ ሞተር ኪሎ ሜትር አይቆጥርም፣ ዘይቱ ግን ያረጃል። ስለዚህ አጭሩ የሰርቪስ ርቀት ይያዛል።

ከዚያ አሽከርካሪው ራሱ ከኋላ ገብቶ መቀመጥ አለበት፤ በቀንም በማታም። ከፊት ሆኖ የማይታየው እዚያ ይታያል። የቀበቶው ማሰሪያ በወንበሩ ስንጥቅ ውስጥ ተቀብሮ ከሆነ ተሳፋሪው ፈልጎ አያወጣውም፣ ሳያስር ይሄዳል፤ ሦስቱም ማሰሪያ ወጥተው ቀጥ ብለው ይቁሙ። የኤሲው አየር ከኋላ ይደርሳል ወይ? የጣሪያው መብራት በር ሲከፈት ይበራል ወይ? የፊት ወንበር ወደ ኋላ በጣም ተገፍቶ ጉልበት ይነካል ወይ?

ከሁሉ በላይ በኋላ በሮች ጠርዝ ላይ ያለው የሕፃናት መቆለፊያ ይታይ። እሱ ከተዘጋ በሩ ከውስጥ አይከፈትም። መድረሻው ላይ እጀታውን ስቦ ያልተከፈተለት ተሳፋሪ፣ በተለይ ማታ ብቻዋን የተሳፈረች ሴት፣ ታፍኛለሁ ብላ ትደነግጣለች፤ መደንገጧም ትክክል ነው። በየቀኑ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሁለቱም በሮች ከውስጥ ተከፍተው ይሞከሩ።

ሽታ ላይ አቋማችን ግልጽ ነው፦ ጠንካራ የመኪና ሽቶ አይሰቀልም። ጠባብ ቦታ ላይ የሚያቅለሸልሸው እሱ ነው፣ መጥፎውንም ሽታ አያጠፋም። የኤሲው የአየር ፊልትሮ በየ15,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ አቧራ ባለበት ከዚያም ፈጥኖ ይቀየራል። አየሩ ወደ ውስጥ ብቻ እንዲዞር የሚያደርገው ቁልፍ ለጭስና ለአቧራ ቦታ ጥሩ ነው፤ አራትና አምስት ሰው ተጭኖ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ከቆየ ግን የሚተነፍሰው አየር ይከብዳል፣ ሹፌሩም ያንቀላፋል።

ወደ ዕቃ መጫኛው የገባው፦ አንድ ሳጥን ጓንት፣ ስድስት የማስታወኪያ ከረጢት (ሁለቱ ከኋላ ወንበር ኪስ ውስጥ ይቀመጣሉ)፣ አምስት የሚጣል ጨርቅ፣ ሁለት ፎጣ፣ ትልልቅ የቆሻሻ ከረጢቶች፣ ግማሽ ሊትር ኢንዛይም ያለው የጨርቅ ማጽጃ፣ ግማሽ ኪሎ ቤኪንግ ሶዳ፣ ሁለት ሊትር ውሃ፣ የእጅ ባትሪ፣ የመጀመሪያ እርዳታ መስጫ ሳጥን። ከዚህ በላይ አይጫን፤ ቦታው የተሳፋሪው ሻንጣ ነው።

ስልኩ

ስልኩ በአንድ ጊዜ ካርታ፣ ሂሳብ ማሽንና የጥሪ ደወል ነው። ጂፒኤስ፣ ዳታና ደማቅ ስክሪን አብረው ሲሠሩ የድሮው ባለ5 ዋት ቻርጀር አይበቃም፤ ስልኩ እየተሞላ ይወርዳል። ከ15 እስከ 20 ዋት የሚሰጥ ቻርጀርና ከመኪናው የማይወርድ አጭር ገመድ ይያዝ። ሲግል ስክሪኑ ይደበዝዛል፣ መሙላቱም ይቀንሳል፤ ሽፋኑ ይውለቅ፣ ከፀሐይ ይራቅ። የአየር መውጫ ላይ የሚሰካ መያዣ በኤሲ ጊዜ ስልኩን ያቀዘቅዘዋል፤ ማሞቂያ ሲበራ ግን ያግለዋል፣ ያን ጊዜ ያ መውጫ ይዘጋ።

መያዣው ከመሪው አጠገብ፣ ከዓይን መስመር ትንሽ ዝቅ ብሎ ይሁን፤ ኤርባግ በሚፈነዳበት መንገድ ላይ ወይም መንገዱን በሚጋርድ የመስታወት ክፍል ላይ አይሁን። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየተነዳ ስልክ ላይ ለ2 ሰከንድ ያፈጠጠ ሰው 28 ሜትር ያህል ሳያይ ሄዷል። የካርታው ድምፅ ይከፈት። ጥሪ ለመቀበል የሚሰጠው ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ስለሆነ አስቸጋሪ መስቀለኛ መንገድ ላይ የመጣ ጥሪ ይለፍ፤ ሌላ ይመጣል።

ተጨማሪ፦ የሚደውል ሰው «ከድርጅቱ ነኝ፣ የተላከልህን ኮድ ንገረኝ» ካለ ስልኩ ይዘጋ። ያ ኮድ አካውንቱን የሚከፍት ቁልፍ ነው። ይህ ማጭበርበር ጀማሪዎች ላይ ይበረታል፤ ብዙ ጊዜ የሚመጣውም ሽልማት ወይም የተበላሸ ጉዞ ካሳ ተብሎ ነው።

አፑ ሳይከፈት የተደረገ ልምምድ

ሥራ ከመጀመሩ በፊት አሽከርካሪው ብዙ ጥሪ ይወጣባቸዋል የሚባሉትን ቦታዎች ባዶውን ዞረ፦ ሆስፒታል፣ የአውቶቡስ መናኸሪያ፣ ትልቅ ገበያ፣ ሆቴል፣ ባለብዙ በር የመኖሪያ ሕንፃ። በየቦታው ሦስት ነገር ተጻፈ። ሰው የሚወጣው በየትኛው በር ነው? ሕግ ሳይጣስ የት መቆም ይቻላል? ከዚያ ቦታ ሲወጣ መንገዱ ወዴት ያስገድዳል?

ይህ ለምን ያስፈልጋል ቢባል፣ የስልክ ጂፒኤስ ሰማዩ ክፍት በሆነበት በ5 ሜትር አካባቢ ይስታል፤ ረጃጅም ሕንፃዎች መካከል ግን ምልክቱ ከግድግዳ እየተላጋ ስለሚመጣ ስህተቱ በብዙ ይጨምራል። ካርታው ላይ ያለው ነጥብ የመንገዱ ማዶ ወይም የሕንፃው ጀርባ ላይ ይወድቃል። መሃሉ አጥር ባለው ሰፊ መንገድ ማዶ ላይ መቆም ማለት ለመዞር ብዙ ደቂቃ መክፈል ማለት ነው። ነጥቡን ሳይሆን በሩን የሚያውቅ ሹፌር ይህን አይከፍልም።

የመነሻው ደቂቃ

የመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች በቀን፣ በሚታወቅ አካባቢ፣ ከጥድፊያ ሰዓት ውጭ ተደረጉ። ለጀማሪ ጥሩ ክፍያ ካለው ማታ ይልቅ ሰከን ያለ ከሰዓት በኋላ ይሻላል።

ጥሪ ከተቀበሉ በኋላ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ነጥቡ የት ላይ እንዳለ ይታያል። አሻሚ ከሆነ አጭር መልእክት ይላካል፤ «ደርሻለሁ» የሚለው መልእክት ብቻውን አይረዳም። የሚረዳው ቦታውን የሚናገር ነው፦ «ከዋናው በር በስተቀኝ፣ ከፋርማሲው ፊት ለፊት ቆሜያለሁ፣ አራቱም ፍሬቻ በርቷል»። የት እንደሚገናኙ መነጋገሩ ሲደርሱ ሳይሆን ከመድረስ በፊት ይለቅ።

«ደርሻለሁ» የሚለው ቁልፍ የሚነካው በእውነት ሲደረስ ነው። የመቆያው ቆጠራ የሚጀምረው ከዚያ ስለሆነ ቀድሞ መንካት ተሳፋሪውን ያስከፍላል፣ ያጣላልም። በአንጻሩ ረስቶ አለመንካት የራስን ደቂቃ በነጻ መስጠት ነው። ነጻ የመቆያ ጊዜው ከአፕ አፕ ስለሚለያይ ደንቡ ይነበብ።

ሰው ወደ መኪናው ሲመጣ የተሳፋሪው ስም ከሹፌሩ አፍ አይውጣ። «አቶ እገሌ ነዎት?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ሁሉ «አዎ» ማለት ይችላል፤ በተጨናነቀ ቦታ የተሳሳተ ሰው የሚሳፈረው እንዲህ ነው። ትክክለኛው «ጤና ይስጥልኝ፣ በማን ስም ነው የተጠራው?» ነው። አፑ የማረጋገጫ ቁጥር ካለው ቁጥሩ ገብቶ ነው ጉዞው የሚጀመረው። ይህ ለተሳፋሪው ደኅንነትም ነው፤ ስሙን ከሹፌሩ መስማት የምትፈልግ ተሳፋሪ ብትጠይቅ ያን ጊዜ ይነገራት።

ከዚያ ቅደም ተከተሉ አይዛነፍ፦ በሮቹ ተዘግተዋል፣ «ቀበቶ ላስቸግርዎት» ተብሏል፣ መድረሻው በቃል ተረጋግጧል፣ ጉዞው ተጀምሯል፣ ስፖኪዮ ታይቷል፣ ፍሬቻ በርቷል፣ መኪናው ተነሳ። መድረሻውን በቃል ማረጋገጥ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሁለት ቦታዎች የሚለዩት እዚህ ላይ ነው። «የሚመርጡት መንገድ አለ ወይስ ካርታውን ልከተል?» የሚለው ጥያቄ ደግሞ በመንገድ ምርጫ ከሚነሱት ቅሬታዎች አብዛኛውን ይዘጋል፤ ተሳፋሪው መርጦ በተጨናነቀ መንገድ ቢሄድ እንኳ አይቆጣም።

ተጨማሪ፦ ተሳፋሪው ሳይገባ «ጉዞውን ጀምርና ና» ካለ አይጀመርም። መኪናው ውስጥ ያልገባ ሰው ጉዞ ሲቆጠርለት በኋላ «አልተሳፈርኩም» ማለት ይችላል፣ መዝገቡም ይደግፈዋል።

ተሳፋሪዎች

ሰውን በዓይነት መክተት አይወደድም፤ ሁኔታዎቹ ግን ይደጋገማሉ፣ ለእያንዳንዱም ዝግጁ ምላሽ መያዝ ያሳርፋል።

ዝምተኛው ብዙ ነው። ሰላምታ ከተሰጠ በኋላ በአጭሩ መልሶ ስልኩን ያወጣ ሰው ዝምታ ጠይቋል። ሬዲዮው ዝቅ ይላል፣ ወሬ አይከፈትም። ማውራት የሚፈልገው ራሱ ይጀምራል፤ ለእሱም ፖለቲካ፣ ሃይማኖትና የግል ኑሮ አይነሱ። ብቻዋን ያለች ሴት ተሳፋሪ «እዚህ ነው የምትኖሪው?» ተብላ መጠየቅ የለባትም፤ ጥያቄው ለሹፌሩ ወሬ ነው፣ ለእሷ ግን ስጋት ነው።

የቸኮለው «እባክህ ፍጠን» ይላል። ክርክር አያስፈልግም፤ «ካርታው በ18 ደቂቃ ያደርሰናል ይላል፣ ሲለወጥ እነግርዎታለሁ» ማለት ያበርደዋል። የከተማ ጉዞን የሚወስነው መብራትና መጨናነቅ ስለሆነ መፍጠን የሚያተርፈው ጥቂት ነው፤ ቅጣቱና ግጭቱ ግን የሹፌሩ ናቸው።

ሕፃን የያዘች እናት ወይም አባት የሕፃን ወንበር ሳይዙ ሲመጡ ከባዱ ውሳኔ ይመጣል። ሕፃን በጭን ይዞ በአንድ ቀበቶ አብሮ መታሰር በግጭት ጊዜ የአዋቂውን ክብደት ሕፃኑ ላይ መጫን ነው፤ በእጅ ብቻ መያዝም አይሆንም፣ የትኛውም ክንድ አያቆመውም። ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል፤ አሽከርካሪው የራሱን አገር ሕግ ቀድሞ ያንብብና አቋሙን ከመንገድ በፊት ይወስን። መከልከል ካለበት በትሕትና፣ በሩ ላይ፣ ጉዞው ሳይጀመር ይሁን፤ ከተቻለ ወንበር ያለው መኪና የሚጠራበትን አማራጭ ያሳይ።

ቀበቶው ለሦስት ሆኖ አራተኛ ሰው «ተጠጋግተን እንሄዳለን» ሲል መልሱ አይሆንም ነው። ያልታሰረ የኋላ ተሳፋሪ በግጭት ጊዜ ወደ ፊት ተወርውሮ የፊተኛውንም ይጎዳል።

አረጋዊና እግሩን የሚያመው ሰው መኪናው ከእግረኛ መንገዱ በጣም ርቆ ሲቆም መውረዱ ይከብደዋል፤ በጣም ተጠግቶ ሲቆምም በሩ ጠርዙን ይመታል። 30 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ጥሩ ነው። እጅ ከመያዝ በፊት «ልርዳዎት?» ይባላል። ተሽከርካሪ ወንበር ያለው ተሳፋሪ ወንበሩን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ እንዴት እንደሚታጠፍ እሱ ይጠየቅ። አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ትራሱና የእግር ማሳረፊያዎቹ ይወልቃሉ፣ የተላቀቁት ዕቃዎች አንድ ላይ ይቀመጣሉ፤ ሲደረስ አንዱ ቢረሳ ወንበሩ አይሠራም። ዓይነ ስውር ሰው መሪ ውሻ ይዞ ቢመጣ በብዙ አገሮች መከልከል በሕግ ያስጠይቃል። ለዓይነ ስውር ተሳፋሪ መድረሻው ላይ የመቆሚያው ቦታ በቃል ይገለጽ፦ በሩ በየት በኩል እንዳለ፣ ስንት እርምጃ እንደሚርቅ፣ ደረጃ እንዳለ።

ለሌላ ሰው የተጠራ ጉዞም ተራ ነገር ነው። የሚጠብቀው ሰው ስልክ ላይኖረው፣ የመኪናውን ታርጋም ላያውቅ ይችላል። ለጠራው ሰው ተደውሎ ተሳፋሪው ምን እንደለበሰና የት እንደቆመ ይጠየቅ። ብቻውን የመጣ ልጅ ከሆነ ብዙ አፖች ከ18 ዓመት በታች ያለን ሰው ያለ አዋቂ አይፈቅዱም፤ ሳይነሱ ደንቡን ማስረዳት ነው።

የሚጣሉ ባልና ሚስት፣ በስልክ የሚያለቅስ ሰው፣ ከሐኪም ቤት መጥፎ ወሬ ሰምቶ የወጣ ሰው፤ እነዚህ ከሹፌሩ አስተያየት አይፈልጉም። ረጋ ብሎ መንዳት፣ ሬዲዮ መዝጋት፣ መስታወቱን ዝቅ ላድርግ ወይ ብሎ መጠየቅ በቂ ነው። ጠቡ ወደ እጅ ከሄደ ብርሃንና ሰው ባለበት ቦታ ቆሞ ጉዞውን መጨረስና እርዳታ መጥራት ነው፤ መሃል መግባት አይደለም።

«አፑን ዝጋው፣ በእጅ ልክፈልህ» የሚለው ግብዣ አይወሰድ። ጉዞው ከመዝገብ ከወጣ ኢንሹራንሱም፣ ያለበትን ቦታ የሚያሳየው መረጃም አብረው ይወጣሉ።

ማታ

የማታ ሥራ የተለየ ሥራ ነው፤ ሰካራም ተሳፋሪ ይበዛል። መቆም ያልቻለ፣ ብቻውን የሆነና መድረሻውን መናገር ያቃተው ሰው አይጫን፤ ጓደኛ አብሮት ይግባ። የተጫነ ሰው በድንገት ዝም ካለ፣ ምራቁን ደጋግሞ ከዋጠ፣ ካላበው ወይም በጥልቀት መተንፈስ ከጀመረ ሊያስመልሰው ነው። መስታወቱ ይውረድ፣ ከረጢቱ ይሰጠው፣ በቀስታ ወደ ዳር ይወጣ። ፍሬን መርገጥና ድንገት መጠምዘዝ የሚፈራውን ያፈጥነዋል።

ከተኛ አይነካ። ቆሞ የጣሪያውን መብራት ማብራት፣ መስታወት ማውረድ፣ ድምፅን ከፍ አድርጎ መጥራት ነው። በዚህ ካልነቃ ወይም አተነፋፈሱ ካላማረ ጉዳዩ የእንቅልፍ አይደለም፤ አምቡላንስ ይጠራ።

መኪናው ውስጥ ካስመለሰ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ አፑን ዘግቶ መውጣት፤ ቀጥሎ ሳይነካ ፎቶ፣ ከሩቅም ከቅርብም፤ የጽዳት ክፍያ የሚጠየቀው በዚያ ፎቶ ነው፣ ከጸዳ በኋላ ማስረጃ የለም። ጓንት ይደረግ፣ ጠጣሩ በጠንካራ ካርቶን ተሰብስቦ ከረጢት ውስጥ ይግባ። ቀሪው በጨርቅ ተጫን ተደርጎ ይነሳል፤ ከታሸ ወደ ስፖንጁ ውስጥ ይገባል። ውሃው ቀዝቃዛ ይሁን፤ ሙቅ ውሃ ፕሮቲኑን ስለሚያበስለው ከጨርቁ ጋር ያጣብቀዋል። ከዚያ ኢንዛይም ማጽጃው ጨርቁን በደንብ እስኪያርስ ይረጫል፤ 15 ደቂቃ ያህል ይቆያል፣ የዕቃው መመሪያ ከዚያ በላይ ካለ እሱ ይከበር። ኢንዛይሙ የሚሠራው እርጥብ ሆኖ ሳለ ብቻ ስለሆነ ወዲያው መጥረግ ማጽጃውን ማባከን ነው። ተጠርጎ ሲያልቅ ቤኪንግ ሶዳ ተነስንሶ ያድራል፣ ጠዋት በቫኪዩም ይነሳል።

ሽታው በማግስቱ ከተመለሰ መጀመሪያ የሚታየው ቀበቶው ነው። ቀበቶው እስከ መጨረሻው ተስቦ ይውጣ፣ በለብታ ውሃና በቀላል ሳሙና ይታጠብ፣ ሳይጠቀለል ተይዞ ይድረቅ። በረኪና ቀበቶ ላይ አይደረግ፤ ክሩን ያዳክማል፣ የተዳከመ ቀበቶም በዓይን አይታወቅም። ማሰሪያው ውስጥ የገባ ፈሳሽና የወንበሩ ሐዲድ ሥር የተጠራቀመ ነገርም ይፈተሽ።

መድረሻው

አደጋው በዝቶ የሚታየው መውረጃ ላይ ነው፤ ተሳፋሪው ልቡ ቤቱ ገብቷል፣ ከኋላ የሚመጣውን አያይም። መኪናው የሚቆመው በእግረኛው መንገድ በኩል ነው፣ የሚወረደውም በዚያው። በመንገዱ በኩል ያለው በር ሲከፈት ሳይክልና ሞተር ሳይክል ይመታል። ስለዚህ ሹፌሩ ስፖኪዮውን ሳያይ «ይውረዱ» አይልም፤ «ሳይክል እየመጣ ነው፣ አንዴ ይቆዩኝ» ማለት ልማድ ይሁን። ከቆመ መኪና ጎን ድርብ ቆሞ ማውረድ ከሚያተርፈው ግማሽ ደቂቃ ይልቅ 20 ሜትር ወደ ፊት ሄዶ በትክክል መቆም ይሻላል።

በሩ ሳይዘጋ ዞር ብሎ የኋላ ወንበሩንና ወለሉን ማየት፤ ስልክ፣ ቁልፍና ጃንጥላ የሚቀሩት እዚያ ነው። ሻንጣ የጫነ ተሳፋሪ ከሆነ ሹፌሩ ራሱ ወርዶ ይክፈት። ዘግይቶ የተገኘ ዕቃ ፎቶ ተነስቶ በአፑ በኩል ይመዘገብ፣ ቀጣዩ ተሳፋሪ ከመግባቱ በፊት ከኋላ ይነሳ። ለምን ቢባል፣ ቀጣዩ ሰው ከወሰደው የሚጠየቀው ሹፌሩ ነው።

ኮከብ ላይ አጭር ማስታወሻ። 20 ምዘና ብቻ ያለው ጀማሪ አንድ ባለ1 ኮከብ ሲያገኝ፣ ሌላው ሁሉ 5 ቢሆን እንኳ፣ አማካዩ 4.8 ይሆናል። ያው አንድ ኮከብ በ500 ውስጥ ሲገባ 4.992 ነው፤ ኡበር ለምሳሌ የመጨረሻዎቹን 500 ምዘናዎች ነው የሚያሰላው። መጀመሪያ ላይ ቁጥሩ መውረዱ ያለ ነው፤ ለዚያ ብሎ ተሳፋሪን «5 ስጠኝ» ማለት ግን ያስቀንሳል።

ሂሳቡ

አፑ የሚያሳየው ገቢ የእጅ ገቢ አይደለም። በየቀኑ መነሻና መድረሻ ላይ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ይጻፍ፤ ከዚያ አፑ የከፈለበት ርቀት ይቀነስ። የቀረው ባዶ ኪሎ ሜትር ነው። ምሳሌ ይኸውና፦ ቆጣሪው 150 ኪሎ ሜትር ሄዷል፣ የተከፈለበት 90 ነው። በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር የሚበላ መኪና 12 ሊትር ፈጅቷል፤ ይህ ለ90ው ሲካፈል በ100 የተከፈለበት ኪሎ ሜትር 13.3 ሊትር ይሆናል። ታሪፍ የሚመዘነው በዚህኛው ቁጥር ነው። ጎማ፣ ሸራ፣ ዘይትና የመኪናው ዋጋ መቀነስም በዚሁ መልክ ለኪሎ ሜትር ይካፈላሉ፤ 40,000 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ጎማ ከሆነ ዋጋው ለ40,000።

ጥሪ ሲመዘንም መውሰጃው ይደመር። 5 ኪሎ ሜትር ተኪዶ የሚወሰድ የ6 ኪሎ ሜትር ተሳፋሪ የ11 ኪሎ ሜትር ሥራ ነው። ቆሞ ሞተር አስነስቶ መጠበቅም ይቆጠር፤ ትንሽ የቤንዚን መኪና በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ይበላል፣ ኤሲ ሲበራ ይጨምራል።

ዋጋ ጨምሯል ተብሎ ካርታው ላይ ወደ ቀላው ሰፈር መሮጥ አይመከርም። ያው ካርታ ለሌሎቹም ሹፌሮች ይታያል፤ ሁሉም ሲደርስ ጭማሪው ይጠፋል፣ የተቃጠለው ነዳጅ ግን አይመለስም። ጭማሪው በሚበዛበት ሰዓት ቀድሞ እዚያው አካባቢ መገኘት ነው የሚሻለው።

ድካም

በ1997 የታተመ የታወቀ ጥናት 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ችሎታ ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚቀራረብ አሳይቷል። ቀን ሌላ ሥራ ውሎ ማታ የሚነዳ ሰው እዚያ የሚደርሰው ሳያውቀው ነው። በየ2 ሰዓቱ ወርዶ መንቀሳቀስ፤ ዓይን መክበድ ከጀመረ አፑን ዘግቶ 20 ደቂቃ መተኛት። መስታወት ማውረድና ሬዲዮ ማስጮህ እንቅልፍን አያስወግድም። የኪስ ቦርሳ ከኋላ ኪስ ይውጣ፤ ወገብን የሚያጣምመው እሱ ነው።

የበሮች ደብተር

ባዶውን ዞሮ የተጀመረው ዝርዝር ወደ ደብተር አደገ፣ ከተሰበሰበው ሁሉ የሚጠቅመውም እሱ ነው። አንድ ቦታ አንድ መስመር ይይዛል፦ የቦታው ስም፣ ነጥቡ የሚወድቅበት፣ እውነተኛው በር፣ ሕጋዊ መቆሚያው፣ የሚዘጋበት ሰዓት፣ ለተሳፋሪው የሚላከው መልእክት። ምሳሌ፦ «ሆስፒታል፤ ነጥቡ ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ይወድቃል፣ እዚያ መቆም ክልክል ነው፤ ተመላላሽ ታካሚዎች በጀርባው በር ይወጣሉ፤ ከአጥሩ ጥግ ያለው ማራገፊያ ላይ መቆም፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ጀርባው ዝግ ስለሆነ በዋናው በር።»

መስመሩ የሚጻፈው ተሳፋሪው ከወረደ በኋላ፣ መኪናው ቆሞ ሳለ ነው። መልእክቱ በስልኩ ውስጥ ተዘጋጅቶ ይቀመጥና ጥሪው ሲመጣ በአንድ ንክኪ ይላካል። የመንገድ ሥራ ወይም አዲስ አጥር ሲመጣ የድሮው መስመር ይሰረዝ፤ ቀኑም አጠገቡ ይጻፍ፣ ያረጀ መስመር ወደ ተዘጋ በር ይመራልና።